ባልዲውን አዙረን እናንብብ

ባለፈው የካቲት፣ ጁባ ቀትር ላይ እንደ ምጣድ በጋለችበት ሰዓት ወደ ምግብ ቤቴ ወጥ ቤት ብገባ ከአገር ቤት የመጣልኝ ቅቤ ዕቃው ውስጥ እንደ ውኃ ሆኗል። አጠገቡ፣ እዚያው መደርደሪያ ላይ፣ ሁልጊዜ የምንገዛው የአትክልት ቅቤ ባልዲ ክዳኑ ተከፍቶ ተቀምጧል። ነጭ ነው። ጠዋት በማንኪያ የተዛቀበት ጉድጓድ ጠርዙ እንኳ አልተናደም። ሁለቱም በአንድ ቤት፣ በአንድ ሙቀት ነው የዋሉት። «ይኼኛው ለምንድን ነው የማይቀልጠው?» ብዬ ወጥ ሠሪያችንን ጠየቅኳት። «እሱማ ጎበዝ ነው እትዬ፤ አይበላሽ፣ አይሸት፣ ለጾም ይሆናል፣ ለፍስክ ይሆናል» አለችኝ። ልክ ናት። እኔም ለዓመታት የገዛሁት ለዚሁ ነው።

ያን ቀን ግን ባልዲውን አዞርኩት። ከታች በኩል መነጽር አድርጌም በጭንቅ የማየው ደቃቅ ጽሑፍ አለ፤ በአንድ ወገን ዐረብኛ፣ በሌላው እንግሊዝኛ። ዐረብኛውን ከዳርፉር የመጣ ጎረቤታችን፣ ባለሱቁ፣ አነበበልኝ፦ «ዘይት ነባቲ ሙሀድረጅ ጁዝኢየን»። እንግሊዝኛውም ያንኑ ይላል፦ «ፓርሻሊ ሃይድሮጂኔትድ»። ወደ አማርኛ ሲመጣ በከፊል ሃይድሮጂን የተጨመረበት የአትክልት ዘይት ማለት ነው። በጁባ የምታበስሉ፣ የምትጠብሱ፣ የምታስመጡ፣ የምትበሉ ወገኖቼ ሁሉ! ዛሬ የምለምናችሁ ይህችን ስያሜ በቃላችሁ እንድትይዙልኝ ነው። ከያዝናት በኋላ ይህን ስብ ከወጥ ቤታችን አብረን እናስወጣዋለን።

መጀመሪያ ነገሩ ይግባን። ያልገባንን ነገር ከቤት ማስወጣት አንችልም፤ ብናስወጣውም በሌላ ስም ተመልሶ ይገባል።

ዘይት ውስጥ ያሉት የስብ አሲዶች ረጃጅም የካርቦን ሰንሰለቶች ናቸው። በወይራ፣ በለውዝ፣ በሰሊጥ ዘይት ውስጥ በብዛት የሚገኘውን ኦሌይክ አሲድ እንውሰድ። 18 ካርቦን፣ 34 ሃይድሮጂን፣ 2 ኦክስጅን አለው። ከመሐሉ፣ ዘጠነኛውና ዐሥረኛው ካርቦን የተያያዙት በአንድ ሳይሆን በሁለት ማሰሪያ ነው። ተፈጥሮ ስትሠራው እዚያ ቦታ ላይ ያሉትን ሁለት ሃይድሮጂኖች በአንድ ወገን ታስቀምጣቸዋለች። ኬሚስቶች ይህን አቀማመጥ «ሲስ» ይሉታል። ሰንሰለቱም እዚያው ላይ ከወገቡ ይጎብጣል። ልጅ ሆና እንጨት የለቀመች ሁሉ ይህን ታውቀዋለች፤ የጎበጠ እንጨት ሸክም ውስጥ አይገጥምም፣ በየት በኩል ብታስሪው ክፍተት ይተዋል። ዘይት የሚፈሰው የጎበጡት ሰንሰለቶቹ ተጠጋግተው ስለማይታሰሩ ነው። ኦሌይክ አሲድ እንዲረጋ 13 ዲግሪ ገደማ የሚደርስ ብርድ ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ብርድ ጁባ ውስጥ ያየ ሰው አላውቅም።

አሁን ከሁለቱ ሃይድሮጂኖች አንዱን ወደ ማዶ አሻግሩት። ሌላ ምንም አትንኩ። ካርቦኑ ያው 18፣ ሃይድሮጂኑ ያው 34፣ ኦክስጅኑ ያው 2 ነው። ግን ጉብጠቱ ይቃናል፤ ሰንሰለቱ እንደ ባሕር ዛፍ አጣና ቀጥ ይላል። ቀጥ ያለ እንጨት ደግሞ ጥቅጥቅ ብሎ ይታሰራል። ይህ ኤላይዲክ አሲድ ይባላል፤ የሚቀልጠውም 44 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከጁባ ቀትር በላይ፣ ከሰውነታችን ሙቀትም በላይ መሆኑ ነው። «ትራንስ» በላቲን ማዶ ማለት ነው፤ ትራንስ ፋት የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። አንድ ሃይድሮጂን ማዶ ተሻገረ፣ ፈሳሹ ረጋ። ባልዲያችን በዚያ ሙቀት ቀጥ ብሎ የቆመበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ይህን ሽግግር በብዛት የሚሠራው ፋብሪካ ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ቪልሄልም ኖርማን ፈሳሽ ዘይትን ከሃይድሮጂን ጋዝና ከኒኬል ዱቄት ጋር አሙቆ የሚያረጋበትን ዘዴ በ1902 የባለቤትነት መብት አወጣለት (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። በ1911 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ከጥጥ ፍሬ ዘይት የተሠራ የረጋ ስብ በቆርቆሮ ታሽጎ ለቤት እመቤቶች መሸጥ ጀመረ። ሃይድሮጂኑ እስከ መጨረሻው ቢገባ ድርብ ማሰሪያው ሁሉ ይጠፋል፤ ውጤቱ እንደ ሻማ የጠጠረ ስብ ይሆናል፣ ትራንስ ግን የለበትም ማለት ይቻላል። ፋብሪካው ግን ቅቤ የሚመስል፣ በማንኪያ የሚዛቅ ነገር ስለሚፈልግ ሥራውን መንገድ ላይ ያቆመዋል። በዚያ መሐል ከኒኬሉ ጋር ተጣብቀው የተላቀቁት ሰንሰለቶች ብዙዎቹ ጎብጠው ሳይሆን ተቃንተው ይወጣሉ። ስለዚህ ነው «በከፊል» የሚለው ቃል ከሁሉ የሚከፋው።

ሰውነታችን ውስጥ ሲገባስ? በ1990 ሁለት የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች፣ ሜንሲንክና ካታን፣ 59 ጤነኛ ሰዎችን ለሦስት ለሦስት ሳምንት የተለያየ ስብ አበሏቸው። ትራንስ ስቡን ሲበሉ በደም ሥር ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ኮሌስትሮል ከፍ አለ፤ ጠራርጎ የሚመልሰው ኮሌስትሮል ዝቅ አለ። የእንስሳት ጮማ እንኳ የመጀመሪያውን ከፍ ያደርጋል እንጂ ሁለተኛውን እንዲህ አይቀንስም። ትራንስ በሁለት በኩል ነው የሚመታን። በ2006 የተሰበሰቡ ጥናቶችን አንድ ላይ ያዩ ሐኪሞች፣ በቀን ከምናገኘው ኃይል 2 በመቶው ብቻ ከትራንስ ስብ ሲመጣ የልብ ደም ሥር በሽታ በ23 በመቶ ከፍ ብሎ እንደሚገኝ ጻፉ። 2 በመቶ ትንሽ ትመስላለች። 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው ግን 4.4 ግራም ገደማ ናት።

የዓለም ጤና ድርጅት ለዚሁ ሰው የሚፈቅደው ከ2.2 ግራም በታች ነው። በከፊል ሃይድሮጂን የገባበት ስብ ከ25 እስከ 45 በመቶው ትራንስ ሊሆን ይችላል። ዝቅተኛውን እንያዝና አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ 14 ግራም ገደማ፣ እንዛቅ፤ 3.5 ግራም ትራንስ ሆነ። የቀኑ ጣሪያ በአንድ ማንኪያ ተጣሰ ማለት ነው። እኔ ደግሞ የጾም ፍርፍር ላይ በአንድ ማንኪያ አቁሜ አላውቅም። ወጥ ሠሪ የሆናችሁ ሁሉ ቁሌት ስንት ማንኪያ እንደሚጠጣ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

ድርጅቱ በኢንዱስትሪ በተሠራ ትራንስ ስብ የተነሣ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ278,000 በላይ ሰው ይሞታል ይላል። በዚህ ስብ ምክንያት መሞት ግዴታ አይደለም። ማንም ያለ እርሱ መኖር ይችላል፤ ሰውነታችን ለምንም ነገር አይፈልገውም።

ፍሬድ ኩመሮው የሚባል ጀርመን ተወልዶ አሜሪካ ያደገ ሳይንቲስት ነበር። በ1957 በልብ በሽታ የሞቱ ሰዎችን የደም ሥር መርምሮ ትራንስ ስብ አገኘበትና ይህንኑ ጽፎ አወጣ። የሰማው አልነበረም። የምግብ ኢንዱስትሪው ገንዘቡ እዚያ ነበር፤ ሐኪሞቹም ዓይናቸው ሌላ ቦታ ነበር። እርሱ አልተወውም። በ2009፣ ዘጠና ዓመት ካለፈው በኋላ፣ ለአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አቤቱታ አስገባ። ዝም ሲሉት በ2013 ከሰሳቸው። በሰኔ 2015 አስተዳደሩ በከፊል ሃይድሮጂን የገባበት ዘይት ለምግብነት ደህና ነው ሊባል አይችልም ብሎ ወሰነ፤ ኩመሮው ያን ቀን የ100 ዓመት ሽማግሌ ነበር። ከጽሑፉ እስከ ውሳኔው 58 ዓመት አለፈ። በእነዚያ 58 ዓመቶች ውስጥ ስንት ሰው ማዕድ ላይ እንደተቀመጠ ሳስብ ይከብደኛል። እኛ ሌላ 58 ዓመት መጠበቅ የለብንም። እውቀቱ ተገኝቷል፤ የቀረው እጃችንን ማንሣት ነው።

ዴንማርክ በ2003 ከ100 ግራም ስብ ውስጥ ከ2 ግራም በላይ የኢንዱስትሪ ትራንስ አይገኝ ብላ በዓለም የመጀመሪያውን ሕግ አወጣች። ከዚያ በኋላ የዚያው አገር ሐኪሞች አንድ ቀላል ነገር አደረጉ። ስማቸው በዓለም የታወቀ የጥብስ ዶሮና የድንች ጥብስ ቤቶች ውስጥ እየገቡ በየአገሩ ያንኑ ምግብ ገዝተው መረመሩት። በ2006 ባወጡት ውጤት የአንድ ድርጅት፣ ያው ምግብ፣ በአንዱ አገር ከ1 ግራም በታች ትራንስ ሲኖረው በሌላው ከ20 ግራም በላይ ሆኖ ተገኘ። ይህን ደግማችሁ አንብቡት። ንጹሑን መጥበስ ይችሉበታል። ሰው በጠየቀበት አገር ንጹሑን፣ ሰው ባልጠየቀበት አገር ትራንስ የበዛበትን ሸጡ።

አፍሪካ ውስጥ ደቡብ አፍሪካ ከ2011 ጀምሮ ይህንኑ የ2 ግራም ጣሪያ ታስከብራለች፤ ናይጄሪያም ተከትላለች። እስከ 2023 መጨረሻ 53 አገሮች ጠንካራ ሕግ በሥራ ላይ አውለዋል። በር የተዘጋበት ዕቃ የት ይሄዳል? በሩን ወዳልዘጋ ይሄዳል። በኒሙሌ በኩል በጭነት መኪና ተጭኖ ጁባ የሚገባውን ባልዲ ሁሉ የሚያነብ ዓይን ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው ዓይን የገዢው ነው።

ገዢዎቹ ደግሞ እኛ ነን። በዚህች ከተማ ከሃይ ማላካል እስከ ጉዴሌ፣ ከሙኑኪ እስከ ጀበል ስንት የሐበሻ ምግብ ቤት እንዳለ የኖረ ሁሉ ያውቃል። ጧት ሹፌሩ እኛ ጋ ፉል ይበላል፤ ቀትር የቢሮ ሠራተኛው እኛ ጋ በያይነቱ ያዛል፤ ማታ የእርዳታ ድርጅት ሰው እኛ ጋ ጥብስ ይቆርጣል። የምናጎርሰው ልጆቻችንን ብቻ አይደለም። ይህች አገር ነፃነቷን ካወጀችበት ከ2011 ጀምሮ፣ ከዚያም በፊት፣ እንጀራችንን ዘርግተን የአገሬውን ሰው ከኛው ትሪ ላይ አብልተነዋል፤ እርሱም ቤቱን ከፍቶልናል። ያመነን ሰው ሳናውቅ ያበላነውን ነገር፣ አሁን ካወቅን በኋላ እያወቅን ማብላት አንችልም።

ልቡን ለሚታመም ሰው ጁባ ሩቅ ናት። አቅም ያለው ካምፓላ፣ ናይሮቢ፣ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ አቅም የሌለው ቤቱ ይተኛል። ሕክምናው ሩቅ በሆነበት ከተማ መከላከያው ከወጥ ቤት መጀመር አለበት።

ስለ ጾማችን ለብቻው ልናገር፤ እዚህ ላይ ነው እኛ ሐበሾች ከሌላው ይልቅ የምንጋለጠው። የዓመቱን ግማሽ ያህል ቀን ከቅቤና ከወተት እንርቃለን። አያቶቻችን በዚያ ጊዜ የሚያውቁት ኑግን፣ ተልባን፣ ሱፍን፣ ሰሊጥን፣ ጎመን ዘርን ነበር፤ እነዚህ ሁሉ የሚፈሱ፣ ጎባጣ ሰንሰለት ያላቸው ዘይቶች ናቸው። እኛ ግን ቅቤው ስለናፈቀን «የጾም ቅቤ» አገኘን፣ የጾም ኬክ ጋገርን፣ ቂጣ ፍርፍሩን በባልዲው ስብ አራስን። ከዓለማዊው ምግብ ርቀን ለነፍሳችን የያዝነው ጾም ልባችንን የሚጎዳ ስብ በዝቶ የሚበላበት ወቅት እንዳይሆን ካህናት አባቶቻችን ከሥጋውና ከወተቱ ጋር ይህንንም በትምህርታቸው እንዲያነሡልን እለምናለሁ። ሙስሊም ወንድሞቼና እኅቶቼም በረመዳን ማታ ማታ ሳምቡሳው የሚጠበስበትን ስብ እንዲያዩት አደራ እላለሁ። ቀኑን ሙሉ ባዶ የዋለ ሆድ መጀመሪያ የሚቀበለው እርሱን ነው።

«የሚረጋ ዘይት ሁሉ እንግዲህ መርዝ ነው?» የሚለኝ አለ። አይደለም፤ በዚህ ላይ ጠንቃቃ እንሁን። የፓልም ዘይት በተፈጥሮው ይረጋል፤ ሃይድሮጂን ካልነካው ትራንስ የለበትም ማለት ይቻላል። ግማሽ ያህሉ ጠጣር ስብ ስለሆነ አዘውትሮ መብላቱን አልመክርም፣ ግን በማያውቀው ኃጢአት አንክሰሰው። የላም ቅቤም በከብቷ ሆድ ውስጥ የተሠራ ጥቂት ትራንስ አለው፤ እርሱም በልክ ይበላ። መጥበሻ ላይ ደጋግሞ የሚሞቅ ዘይትም ቢሆን የሚፈጥረው ትራንስ ትንሽ ነው፤ የእርሱ ጣጣ ሌላ ነው። ጠቁሮ፣ አረፋ ደፍቆ፣ ሲጤስ ዘይቱ ተበላሽቷል፣ ሌሎች ጎጂ ነገሮችን ይዟል። ይደፋ። እኛ የጨረስነውን ጥቁር ዘይት በርካሽ ለማንዳዚና ለጠዕሚያ ጠባሿ አሳልፈን መስጠታችንም ይቁም። እርሷም ልጆች አሏት፤ ደንበኞቿም ልጆች ናቸው።

የዛሬው ጥሪዬ ግን አንድ ነው፦ በከፊል ሃይድሮጂን የገባበት ስብ ከወጥ ቤታችን ይውጣ።

ብቻዬን ሞክሬዋለሁ። ባልዲውን ትቼ ፈሳሽ ዘይት ገዛሁ። ዘይቱ ተወደደብኝ፤ ዋጋ ብጨምር ደንበኛዬ ወደ ጎረቤት ሄደ፣ ባልጨምር ኪሳራው በላኝ። ጎረቤቴ ክፉ ሆና አይደለም፤ እርሷም ኪራይ አለባት፣ የጄኔሬተር ነዳጅ አለባት፣ ዶላሩ በየሳምንቱ ይወጣባታል። አንድ ቤት ብቻውን ሲለወጥ ይቀጣል። ሃያ ቤት በአንድ ቀን ሲለወጥ ግን ማንም ከማንም አይረክስም፣ አስመጪውም የሚያመጣውን ይለውጣል። ለዚህ ነው ምክር ሳይሆን ጥሪ የጻፍኩት።

መሣሪያው በእጃችን አለ። ዕቁብ እናውቃለን። የዘይት ዕቁብ እንጣል። በየሳምንቱ ዕጣ የሚወጣበት ገንዘብ ሳይሆን በየወሩ በጅምላ የሚገዛ፣ በጀሪካን የሚከፋፈል ንጹሕ ፈሳሽ ዘይት ይሁን። ኮኞ ኮኞ ገበያ ውስጥ በችርቻሮ የምንከፍለውን ትርፍ ለራሳችን እናስቀረው። ሰሊጥ የዚህ አገር ገበሬ ያመርታል፤ ጁባ «ሲምሲም» የሚለው የኛው ሰሊጥ ነው፣ ከሑመራ የመጣችሁ ሽታውን ታውቁታላችሁ። ለውዝም አለ። መጭመቂያ ማሽን የሚያስገባ ወንድም ካለ፣ ገዢው እኛ ነን ብለን ቃል እንግባለት፤ ገበሬው ይጠቀማል፣ ዘይቱም ከየት እንደመጣ እናውቃለን።

አስመጪ ወንድሞቼ! ለእናንተ የምለው አጭር ነው። ከማዘዛችሁ በፊት የይዘት ዝርዝሩን በጽሑፍ ጠይቁ። «0 ትራንስ» የሚል ማኅተም ብቻ አይበቃም፤ አሜሪካ ውስጥ እንኳ በአንድ ጊዜ ምግብ ከግማሽ ግራም በታች ከሆነ ዜሮ ተብሎ እንዲጻፍ ተፈቅዷል። ዝርዝሩ ውስጥ ያቺ «ፓርሻሊ» የምትባል ቃል ካለች ዜሮው ዜሮ አይደለም። ገዢ አጣለሁ ብላችሁ አትስጉ፤ ስማችን የሰፈረበትን መዝገብ ይዘን እንመጣላችኋለን።

አስተናጋጅ ልጆቼ፣ ደንበኛ «በምን ዘይት ነው?» ሲላችሁ አትሽኮርመሙ፤ በኩራት የምትመልሱት መልስ እንዲኖራችሁ ነው የምንደክመው። ደንበኞችም ጠይቁ። ሳትቆጡ፣ ግን በየቀኑ ጠይቁ። እድሮቻችን ደግሞ ከራሳቸው ድግስ ይጀምሩ። የተዝካሩ፣ የሠርጉ፣ የክርስትናው ወጥ የሚሠራበት ዘይት ከዛሬ ጀምሮ የተነበበ ይሁን። በ2013ም በ2016ም ተኩስ ሲነሣ በዚህች ከተማ እርስ በርስ ተደባብቀን፣ ያለችንን ዱቄት ተካፍለን አልፈናል። በዚያ ቀን መተማመን የቻልን ሰዎች በአንድ ባልዲ ጉዳይ መስማማት አያቅተንም።

ዛሬ ማታ ቤታችሁን ስትዘጉ ባልዲውን አዙሩት። ጽሑፉን በስልካችሁ አንሡት፤ ካልተነበበላችሁ ዐረብኛ የሚያውቅ ጎረቤት አታጡም። የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሙስሊሞቹም ዓርብ ከጁምዓ በኋላ፣ የእድር አለቆቻችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ፤ ፎቶዎቹን አንድ ላይ እዩአቸው፣ የዕቁቡን መጀመሪያ ወርም ቁረጡ። መዝገቡን ገዝቻለሁ። በመጀመሪያው መስመር ላይ የእኔ ቤት ስም ተጽፏል፣ ሁለተኛው መስመር ላይ ያቺ ጎረቤቴ ትናንት ማታ መጥታ በራሷ እጅ ፈርማለች።